አያ አዛናውና ዘይት የጠጣው ዘበኛ

እኔን ብሎ የመብራት ባለሙያ። ስምሽን ጻፊ ሲሉኝ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ የምጫን ሴትዮ፣ የፋብሪካ ብረት ውስጥ ምን ዶለኝ? ለጊማቴን እየጠበስሁ፣ ሻዬን እያፈላሁ፣ የመጣ የሄደውን እየጎነተልሁ አርፌ ብቀመጥ ምን ነበረበት? ግን የኔ እጅ ከልጅነቴ ጀምሮ ያልተጠራበት ድግስ ይገባል። እናቴ ስትመርቀኝ እንኳ "እጅሽን እግዜር ይሰብስብልሽ" ነበር የምትለው። አልሰበሰበልኝም። ጎረቤቴ እታገኝም እስከ ዛሬ፣ አንቺ እጅሽ ቢታሰር ሰፈሩ በሰላም ያድር ነበር ትለኛለች።

በቀደም የኒው ሀልፋ አውቶብስ ሾፌር ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት አንገቱን አወጣና፣ "ሐቦባ፣ ያ የመብራት ሰውዬሽ ሞቷል፤ ወባ ነው የገደለው" አለኝ። ሐቦባ እዚህ አገር አያት ማለት ነው፤ የወለድሁትም ያልወለድሁትም እንዲያ ነው የሚጠራኝ። እኔ ታዲያ እንደ ሰው እግዚኦ ማለት ሲገባኝ፣ ከአፌ ቀድሞ የወጣው "ማን ፈትኖት?" የሚል ነው። ሾፌሩ አሮጊቷ ለየላት ብሎ ጥሩምባውን ነፍቶ ሄደ።

አያ አዛናውን የሚያውቅ ግን አይፈርድብኝም። ያ ሰው ሳይፈትን ያመነው ነገር የለም። ሻይ ሳቀርብለት የጣቱን ጀርባ ወደ ብርጭቆው አስጠግቶ ይለካል። ፈልቷል ስለው "ይመስላል" ነው የሚለኝ። ክረምት ገባ ሲሉት ሸሚዙ እስኪርስ ድረስ አይቀበልም። እና ሞተ ሲሉኝ ልቤ፣ እሱ የመፈተኛ ዕቃውን ይዞ መጥቶ፣ ራሱን ፈትኖ፣ "አዎ እቴ ብርቄ፣ ሞቻለሁ" እስኪለኝ ጠበቀ። አልመጣም። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀስሁት። ያለቀስሁትም ሊጡ ላይ ነው፤ የዚያን ቀን ለጊማት ጨው በዛበት ብለው የሚያሙኝ አሉ።

እኔ ገዳሪፍ ውስጥ አንድ የሰሊጥ ፋብሪካ በር ላይ፣ ኒም ዛፍ ሥር ሻይ እሸጣለሁ። ፋብሪካው ሰሊጥ ያበጥራል፣ ዘይት ይጨምቃል። ለጊማት የምላችሁ ደግሞ እዚህ የሚወደድ ድቡልቡል የሊጥ ጥብስ ነው፤ የምጠብሰውም በዚያው በፋብሪካው ዘይት ነው። ከመተማ የመጣሁት ባሌን ተከትዬ ለአንድ አጨዳ ነበር። እሱ አጨዳው ሲያልቅ ተመለሰ፤ እኔ ሻዩ አላልቅ ብሎኝ ይኸው የልጅ ልጅ አየሁበት።

አያ አዛናው የፋብሪካው የመብራት ሠራተኛ ነበር። የጎንደር ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከሩቅ ሲመጣ የመብራት እንጨት ተነቅሎ የሚሄድ ይመስላል። ግራ እጁን ሁልጊዜ ቀበቶው ውስጥ ይሸጉጣል። ሽባ ነው ብዬ ሁለት ወር ሙሉ አዝኜለት ሻዩ ላይ ስኳር ስጨምርለት ኖርሁ። ኋላ አንድ ቀን በሁለት እጁ ጆንያ ሲያነሳ አየሁትና ተጣላሁት፤ ታዲያ ስኳሬን ለምን በላህ አልሁት። ስቆ ነገረኝ። መብራት ያለበትን ብረት በሁለት እጅ ከነኩት፣ መብራቱ በአንዱ ገብቶ ልብን አቋርጦ በሌላው ይወጣል አሉ፤ ስለዚህ ባለሙያ አንድ እጁን ያስራል።

"አንዱ እጄ ይሠራል፣ አንዱ እኔን ይጠብቃል" አለኝ። "ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ እቴ ብርቄ፣ ሚስቴም ስታገባኝ ባለ አንድ እጅ መስያት ነበር።"

ሌላም ልማድ ነበረው። ትልቁን የመብራት ሳጥን ከመክፈቱ በፊት በጣቱ አንጓ ሦስቴ ያንኳኳና "ቤቶች" ይላል። እንግዳ እንደሚገባ ሰው። ሱዳኖቹ ሠራተኞች ጸሎት መስሏቸው መዳፋቸውን ይዘረጉ ነበር። ኋላ እነሱም ለመዱት፤ በዚያ ሳጥን አጠገብ ያለፈ ሁሉ "ቤቶች" እያለ ማለፍ ጀመረ።

መብራቱ ራሱ ከኛ አገር በመተማ በኩል በሽቦ ነው የሚመጣ ይላሉ። ይኼን የሰማሁ ዕለት አያ አዛናውን ጠየቅሁት። እኛ ስንሻገር ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀታችሁን አምጡ ይሉናል፤ እሱን ማን ጠየቀው? "እሱን የያዘ ፖሊስ አይመለስማ" አለኝ።

ሳጥኑ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር አለ፤ ብሬከር ይሉታል። ሻይ ይዤለት ገብቼ ምንድነው ብዬ ብጠይቀው፣ ዘበኛ ነው አለኝ። ጆሮ አለው፣ ጭንቅላት አለው፣ እጅ አለው። ጆሮው በሽቦው የሚያልፈውን መብራት ይሰማል። ጭንቅላቱ ይቆጥራል፤ ትንሽ ቢበዛ ጥቂት ይታገሣል፣ በጣም ቢበዛ አይታገሥም። ከልኩ ሲያልፍ እጁን ያዝዛል፤ እጁ ፈንጠር ብሎ መብራቱን ይቆርጣል። ባይቆርጥ ሽቦው ይነዳል፤ ከሽቦው አጠገብ ያለ ሰውም ይነዳል። ከሽቦው አጠገብ ያሉት ደግሞ ሰሊጥ ለቃሚዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ከኔ ዘንድ ሻይ ጠጥተው፣ እኔን ተሳድበው የሚገቡት።

ዘበኛውን የሚፈትንበት ሻንጣ ነበረው። የውሸት ሻንጣዬ ይለዋል። ከሻንጣው ቀጭን ሽቦ ያወጣና ለዘበኛው ጭንቅላት "መብራት በዛብህ" ብሎ ይዋሸዋል። ከዚያ ጭንቅላቱ ውሸቱን አምኖ እጁን እስኪያዝዝ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ያያል። ከተባለው ልክ ቶሎ ከቆረጠ ፈሪ ነው፤ ከዘገየ ዳተኛ ነው። እኔም አብሬው እቆጥር ነበር፤ እሱ በሻንጣው ሰዓት፣ እኔ በጸሎት። ለትንሹ ውሸት አንድ አባታችን ሆይ ይፈጃል። ለትልቁ ውሸት "በስመ" ብዬ "አብ" ሳልል ጧ ይላል። አንድ ቀን የኔና የሱ ቁጥር አልገጥም ቢል፣ እቴ ብርቄ ጸሎቱን አቻኮሉት አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዘይቴ እሳት ላይ ነበር።

በዚህ ዕድሜህ ስትዋሽ አታፍርም ብዬ ስጎነትለው የመለሰልኝን ግን አልረሳውም። "እኔ የምዋሸው ብረት ነው፣ እሱንም ለጤናው። ሰው አልዋሽም።"

ሥራ አስኪያጁ፣ ሙዲር የምንለው፣ ከአያ አዛናው ጋር የተቀያየመው በዚሁ ብረት ነው። ትልቁ ማበጠሪያ በተነሳ ቁጥር ዘበኛው ጧ እያለ መብራት ሲቆርጥበት፣ መጥቶ ጭንቅላቱ ላይ ያለችውን ትንሿን መዘውር ከፍ አድርጋት፣ ትንሽ ይደንቁር አለው። አያ አዛናው ዘበኛን ካደነቆሩት ለምን ያቆሙታል ብሎ እምቢ አለ። ሄዶ ማበጠሪያውን ፈታው። የሞተሩ ኩሽኔታ አልቆ፣ ሞተሩ እየተንፈራገጠ ነበር። ዘበኛው የጮኸው እውነቱን ነው። ሙዲሩ አመሰገነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላው እንጂ። ሰው ሲሳሳት ያየውን ይቅር ይላል፤ ትክክል ሆኖ ያስረዳውን ግን አይለቅም።

እንግዲህ ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። የዘበኛው ጭንቅላት ሙቀት አይወድም ተባለና ለመብራቱ ክፍል ማቀዝቀዣ ተገጠመለት። እስቲ ፍረዱ። ለብረት ጭንቅላት ማቀዝቀዣ ተገዛ፤ የኔው ሥጋ ስለሆነ ኒም ይበቃዋል ተባለ። በዚህ ቂም ይዤ ሳለሁ አያ አዛናው ፋሽጋ ተላከ፤ የፋብሪካው ባለቤት የሐጁ እርሻ ላይ ፓምፕ ተበላሽቶ ነበር። ሲሄድ የክፍሉን ቁልፍ ለበረኛው አልሰጥም አለ፤ በረኛው ቀንም ይተኛል። ለኔ ሰጠኝ። ጭስ ካዩ ገብተው ቀዩን ይጫኑት፣ መብራቱ ይጠፋል፤ ሌላ ማንም እንዳይገባ አለኝ። ሌላ ማንም ሲል እኔን አይጨምርም ብዬ ተረጎምሁት።

ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ ገብቼ፣ ከሳጥኑ ሥር ጆንያ አንጥፌ፣ በብረቱ ብርድ ሽልብ እል ጀመር። በሁለተኛው ቀን ተነሳሁና እጄን አሳከከኝ፤ እኔስ ብፈትነው አልሁ። ሦስቴ አንኳኳሁ፣ ቤቶች አልሁ፣ ቀዩን ተጫንሁት። ጧ አለ። መልሼ እጀታውን ስገፋው ሲጥጥ አለ፤ እንደተጠማ ፍየል። ምስኪን፣ ቀን ከሌት እየጠበቀ አንድ ቀን የቀባው የለም አልሁ።

በኛ ሰፈር ደግሞ የሰሊጥ ዘይት የማያድነው የለም። ጉልበት ሲያም እሱ፣ ሕፃን ሲያስል እሱ፣ የበር ማጠፊያ ሲጮህ እሱ። ሐጁ ራሱ ዘይቱን ሲሸጥ "የማያላላው መገጣጠሚያ የለም" እያለ ነው። ስለዚህ የሻይ ማንቆርቆሪያዬን ገለበጥሁና ዘይት ሞላሁባት፤ አፏ ቀጭን ናት። በእጀታው ዙሪያ ባለችው ክፍተት ቀስ አድርጌ፣ እንደ ሻይ፣ አንቆረቆርሁለት። ጠጣ። በማግስቱ ደገምሁለት። በሦስተኛው ቀን ጠግቦ በጎን መለሰው፤ በቀሚሴ ጫፍ አፉን ጠረግሁለት። ሲጥታው ጠፋ። መብራቱ እዚያው ከእጄ አንድ ስንዝር ርቆ እንደነበር አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። እግዜር ለሞኝ የተለየ ዘበኛ ያቆማል።

አያ አዛናው ሲመለስ ቁልፉን ሰጠሁት። ሳልነግረው ሥራ አቃለልሁለት ብዬ በሆዴ እስቅ ነበር።

ዘይት ሲከርም ምን እንደሚሆን እንኳንስ ሌላ ሰው እኔ አውቃለሁ። የመጥበሻዬን ጎን ጥቁር ሙጫ በየሳምንቱ በቢላ የምፍቅ እኔ ነኝ። የሰሊጥ ወራት አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ድንጋይ ይሆናል። ግን የመጥበሻው ዕውቀቴ ወደ ብሬከሩ አልተሻገረልኝም።

ሁለት ወር ቆይቶ፣ ሥራው በጦፈበት ሰሞን፣ ትልቁ ማበጠሪያ ድንጋይ ነከሰና ቀጥ አለ። ዘበኛው መቁረጥ ነበረበት። አልቆረጠም። ሽቦው ጨሰ፤ ሴቶቹ ጭሱን ለብሰው፣ እየጮሁ በኔ ምድጃ ላይ ተዘልለው ወጡ። በመጨረሻ መብራቱን የቆረጠው የመንገዱ ትራንስፎርመር ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጠፋ። እግዜር ይመስገን ሰው አልተነካም። ከኔ ሦስት ብርጭቆ ተሰበረ።

ሙዲሩ አያ አዛናውን በሰው ፊት አቆመው። ፈትኜዋለሁ ደህና ነው ብለህ ፈርመህ የለ አለው። ፈርሟል። ቁልፉን ተቀማ። ሐጁ ከፖርት ሱዳን እስኪመጣ ጠብቅ፣ ጥፋቱ ያንተ ከሆነ ትሄዳለህ ተባለ። መሄድ ማለት ለሱ ከበር መውጣት ብቻ አይደለም። ኢቃማው በፋብሪካው ስም ነው። ፋብሪካ ያቃጠለው ሐበሻ የተባለ ሰው ደግሞ ገዳሪፍ ውስጥ አምፖል የሚያስቀይረው አያገኝም።

እኔ የዚያኑ ዕለት አውቄዋለሁ። ከጭሱ መሃል ያረረ ለጊማት ሸተተኝ። ሆዴ "ብርቄ፣ ማንቆርቆሪያሽ" አለኝ። ነገ እናገራለሁ አልሁ። ነገ ሲመጣ ኒሙን ቀና ብዬ አየሁት፤ ከዚህ ጥላ ቢያስነሱኝ በዚህ ዕድሜዬ የት እሰፍራለሁ አልሁ። ነገን ወደ ነገ አስተላለፍሁት። እየመጣ ከዛፉ ሥር ይቀመጣል፤ ግራ እጁ ቀበቶው ውስጥ ነው፤ ሻዩን ሳይለካ አንስቶ ይጠጣና አፉን ይቃጠላል። እኔ ለጊማት አበዛለታለሁ። ጥፋተኛ ሴት እጇ ለጋስ ነው።

በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ብርጭቆውን እያሽከረከረ፣ "ምን እንዳጠፋሁ ባውቅ ይቀለኝ ነበር" አለኝ። "ጭንቅላቱን አስባለሁ፣ ጆሮውን አስባለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ በሐሳቤ ስፈታው ስገጥመው አድራለሁ።"

እኔ ምን አልሁት? ለጊማት ጨመርሁለት።

መሃል ላይ ሙሐንዲስ መጣ። ከካርቱም ጦርነቱ ያባረረው የተማረ ሰው ነው፤ የሙዲሩ ሚስት ዘመድ። ለጦርነቱ ባዝንለትም በዚያ ሙቀት ክራባት አስሮ ነበርና ሐዘኔ ቀነሰ። ቤቶች ሳይል ሳጥኑን ከፈተ። የዘበኛው ጭንቅላት ላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት በስልኩ ፎቶ አነሳት፤ ዘጋው። እጁን ሳያቆሽሽ እጁን ታጠበ። ሦስት ገጽ ጻፈ። ጭንቅላቱ ተበላሽቷል፣ አዲስ ጭንቅላት ከባሕር ማዶ ይምጣ፣ ጥፋቱ የፈተነው ሰው ነው። ሙዲሩ ወረቀቱን ይዞ ገበያውን ዞረ። ሐጁም በስልክ ተነበበለት፤ እሱም በተራው ለነጋዴው ሁሉ የጭንቅላት ነው እያለ አወራ። ገዳሪፍ ውስጥ ስለዚያ ጭንቅላት የማያውቅ የቀረ አህያ ብቻ ነው።

በስድስተኛው ቀን ሐጁ መጣ። ቢሮው መብራት የለው፣ ሙቀቱ አይጣል፤ ስብሰባው ኒሙ ሥር፣ ከኔ ምድጃ ፊት ለፊት ሆነ። ሐጁ፣ ሙዲሩ፣ ሙሐንዲሱ በኔ በርጩማዎች ላይ ተቀመጡ። አያ አዛናው ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ከመሄዴ በፊት አንድ ጊዜ ልፈትነው አለ። ሐጁ ፈቀደ።

ሻይ እንደማቀርብ ሆኜ ተከተልሁት። በትንሽ ጄኔሬተር የውሸት ሻንጣውን አስነሳ። አንኳኳ፤ ቤቶች አለ። ዋሸው። ሻንጣው ላይ ቀይዋ መብራት በራች። "አዝዟል" አለ ለራሱ። እጁ ግን ንቅንቅ የለም። ደገመው። እኔ አባታችን ሆይን ጨርሼ ሰላም ለኪን ጨረስሁ፤ ዳዊት ብደግምም የሚቆርጥ አልመሰለም። አያ አዛናው ፊቱ በራ። ጭንቅላቱ ጤነኛ ነው፣ የታመመው የሚታዘዘው ነው አለ። ክዳኑን ፈታ፣ ጣቱን ሰደደ፤ ጥቁር ሙጫ ይዞ ወጣ። አሸተተው። አሁንም አሸተተው። ጣቱን አየ፣ በእጄ ያለችውን ማንቆርቆሪያ አየ፣ እኔን አየ። አልፎኝ ወጣ።

ዛፉ ሥር ደርሶ፣ "ዘይት ነው። ከአቧራ ጋር ደርቆ እጁን አጣብቆታል" አለ።

"የምን ዘይት?" አለ ሐጁ።

"የሰሊጥ።"

ሙዲሩ ከበርጩማው ብድግ አለ። የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ማን አስገባው፣ ቁልፉ ማን ዘንድ ነበር ብሎ አፋጠጠው።

"ቁልፉ የኔ ነው" አለ አያ አዛናው። ሰው አይዋሽም አላልኋችሁም? እኔንም አልከሰሰ፤ ቁልፉ ደግሞ የሱ ነው።

ያን ጊዜ እግሬ ሳያማክረኝ ቆመ። "እኔ ነኝ" አልሁ፤ ማንቆርቆሪያዬንም ከፍ አደረግሁ። "በዚች ነው። ሦስት ቀን አጠጣሁት።" በዐረብኛም ደገምሁላቸው፣ አልገባንም እንዳይሉ።

መጀመሪያ ሳቁ። ሙሐንዲሱ ወረቀቱን ገልጦ፣ እዚህ የተጻፈው ጭንቅላት ነው፣ ማንቆርቆሪያ የሚል የለም አለ። ሐጁ ግን አልሳቀም።

"ሐቦባ፣ ዘይቱ የኔ ነው የሌላ?"

"ያንተው ነው፣ ሐጅ።"

ፊቱ ጠቆረ። "የኔ ዘይት ያላላል እንጂ አያጣብቅም" አለኝ። ይኼው ነው። ቄስ እንኳ ንስሐ ሲገቡለት ይቀበላል፤ እኔ ኃጢአቴን በሁለት ቋንቋ ተናዝዤ የሚረከበኝ አጣሁ። ሙዲሩ ካመነኝ ስድስት ቀን የጮኸው ከንቱ ነው። ሙሐንዲሱ ካመነኝ ሦስቱ ገጽ ለለጊማት መጠቅለያ ነው። ሐጁ ካመነኝ በዘይት ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ሁሉ ሐሰት ነው።

አያ አዛናው እነሱን ትቶ ወደ ብረቱ ተመለሰ። ሙጫውን በቤንዚን ሲያጥብ ዋለ፤ ከዚያ ለብረት ከተሠራው ቅባት የምስር ፍሬ ታህል ቀባው። ይኼው ነበር የሚበቃው፣ እኔ አንድ ማንቆርቆሪያ ሙሉ ያጠጣሁት። ሻንጣው ሲዋሸው ጧ አለ። ሐጁ በቃ አለ፤ እሱ ግን አልበቃውም። ውሸቱን አልፏል፣ እውነቱን ደግሞ ይስማ ብሎ በማግስቱ ከወዳጁ ጋራዥ ሁለት ሰው የሚሸከመው ሳጥን አስመጣ። ክንድ በሚያህል ሽቦ እውነተኛውን መብራት፣ ያንን ብዙውን፣ በዘበኛው ሆድ ለቀቀበት። "በስመ" አልሁ፤ ጧ። ሐጁ ከቆመበት ዘለለ፤ የሙሐንዲሱ ሻይ ክራባቱ ላይ ተደፋ። እኔ እልል አልሁ። አያ አዛናው ብቻ ሦስቴ ደጋግሞ ለቀቀበትና "ይመስላል" አለ።

አሁን ወረቀት መጻፍ ቀረ። የጭንቅላት ነው እንዳይሉ ጭንቅላቱ በሰው ፊት ሠራ። የዘይት ነው እንዳይሉ ሐጁ አለ። ተማከሩ፣ ተማከሩ፤ አቧራ ነው ተባለ። አቧራ ዘመድ የለው፣ ክራባት የለው፣ በቆርቆሮ አይሸጥ። ሁሉም ተስማማ። አዛናው ይፈርም፣ ቁልፉን ይቀበል፣ ሥራው ይቀጥል፣ ኸላስ፣ አለቀ አሉ።

አያ አዛናው እስክሪብቶውን ይዞ ቆመ። "አቧራ ብላችሁ ከጻፋችሁ ነገ ሌላ ሰው ደግሞ ያጠጣዋል። ዘይት ብላችሁ ጻፉ፣ እፈርማለሁ።"

ሐጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቁጣውን ዋጥ አድርጎ ለብቻው ወሰደው፣ እኔ ጆሮ ላይ ግን ደረሰ። "የመጀመሪያው ቀን ብትነግሩኝ ዘይትም ይሁን ውኃ ጠርገን እንተወው ነበር። አሁን ገበያው ሁሉ ወሬውን ይዟል። የዘይት ፋብሪካ በገዛ ዘይቱ ተቃጠለ ልበል?"

እኔም እጄን መሰብሰብ አልችል፣ ሄጄ እጅጌውን ጎተትሁት። ፈርም ልጄ፣ አቧራ ምን አደረገህ አልሁት።

"እቴ ብርቄ" አለኝ፣ "እኔ የምዋሸው ብረት ነው።"

እስክሪብቶውን በርጩማዬ ላይ አስቀመጠው። ከመሄዱ በፊት ቀለም ለምኖ በሳጥኑ በር ላይ በአማርኛም በዐረብኛም ጻፈ። ማንበብ ስለማልችል ነገረኝ፤ "ዘይት አታጠጡኝ" ነው የሚለው። ኒው ሀልፋ ስኳር ፋብሪካው ውስጥ አንድ የአገሩ ሰው ነበረው፤ ፓምፕ ጠባቂ ሁን ብሎ አስገባው። ያን የመሰለ ባለሙያ ሄዶ የውኃ ሞተር ሲያዳምጥ ኖረ። አውቶብሱን ሲጠብቅ የመጨረሻ ሻይ ቀዳሁለት። ሻንጣው ጉልበቱ ላይ፣ ግራ እጁ ቀበቶው ውስጥ። ፈልቷል አልሁት። ጣቱን አስጠግቶ ለካውና "ይመስላል" አለኝ። ደስ አለኝ፤ ወደ ራሱ ተመልሷል አልሁ።

ይኸው ነው አያ አዛናው። ፋብሪካው ይሠራል። ሴቶቹ በሳጥኑ አጠገብ ሲያልፉ ዛሬም ቤቶች ይላሉ፤ ማን እንዳስለመዳቸው የማያውቁት ይበዛሉ። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ እየጠፋ ነው አሉኝ፤ አዲሱ ሠራተኛ የበሩ ማጠፊያ ሲጥጥ ሲልበት በዘይት ይቀባዋል፣ ዘይቱ እየወረደ ቀለሙን ያነሳዋል።

ሾፌሩ መርዶውን ባመጣ በማግስቱ እኔ ግቢ ለቅሶ ተቀመጥን። ዘመድ የለው እዚህ፤ ለቃሚዎቹም መጡ፣ የአገራችን ሰዎችም መጡ። እኔ እንደ ልማዴ ይኼን ሁሉ ተረክሁላቸው። መቼም ለቅሶ ነው አላሉም፣ ሳቁ። በተለይ ማንቆርቆሪያዬን ከፍ አድርጌ "እኔ ነኝ" ያልሁበት ላይ ስደርስ ቆሜ አሳየኋቸው፤ አንዷ እንዲያውም ጀግና ነሽ ሐቦባ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ሰዉ ሲበተን እታገኝ ቀረች። ስተርክ አንዴም ጥርሷን አላየሁትም። ብርጭቆዎቹን ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ። የመጨረሻውን ብርጭቆ ስታቀብለኝ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

"ብረቱስ ዘይት ይዞት ነው" አለች። "አንቺን ስድስት ቀን ምን ይዞሽ ነው?"